የ1960 ስቱድቤከር ላርክ፦ ከ14 ወር በኋላ ለሽያጭ ሳወጣት

ከኅዳር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ስነዳት የቆየሁትን፣ እ.ኤ.አ. የ1960 ሞዴል የሆነችውን ስቱድቤከር ላርክ ለሽያጭ ካወጣኋት ስድስት ሳምንት ሆነ። በዚህ ጊዜ ውስጥ፣ ከአንድ ሰው በቀር፣ መጥተው ያዩዋት ገዢዎችም ሆኑ ደላሎች የጠየቁኝ ስለ ቀለሟ፣ ስለ ፓራውልቷና ስለ ወንበሯ ልብስ ብቻ ነው። እኔን ከዚህች መኪና ጋር ያስተሳሰረኝ ግን ከወለሏ ሥር አቧራና ዘይት ለብሶ የተቀመጠ፣ ቡጢ የማያህል አንድ የብረት ዕቃ ነው። ስለዚህ ዕቃ ሳልናገር ብሸጣት ገዢውንም መኪናዋንም የበደልኩ ይመስለኛል።

ስቱድቤከር እ.ኤ.አ. በ1852 በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት፣ ሳውዝ ቤንድ በምትባል ከተማ ጋሪ በመሥራት የጀመረ ኩባንያ ነበር። ላርክን ለገበያ ያቀረበው ለ1959 የሞዴል ዓመት ሲሆን፣ ከዘመኑ ረጃጅም የአሜሪካ መኪኖች አጠር ያለች፣ 4 ሜትር ከ45 ሳንቲ ሜትር ገደማ የምትረዝም መኪና ናት። የሳውዝ ቤንዱ ፋብሪካ በ1963 መጨረሻ መኪና መሥራቱን አቆመ፤ ካናዳ ውስጥ በሃሚልተን የቀጠለውም በ1966 አበቃ። የእኔዋ ባለ አራት በር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ማርሿ ከመሪው ሥር ያለ ባለ ሦስት ፍጥነት ናት። የገዛኋት እዚሁ ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ከሚኖር ቤተሰብ ሲሆን፣ አባታቸው ከሞቱ በኋላ ለዓመታት በቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆማ ነበር።

ባሕር ዳር ሜዳ ከተማ በመሆኗ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ገበያ፣ ማታ ማታ ደግሞ በጣና ዳር መንገድ እየነዳኋት ምንም የተለየ ነገር ሳላይባት ቆየሁ። በጥምቀት ሰሞን ከአዲስ አበባ የመጡ ዘመዶቼን ቤተ መንግሥቱ ወዳለበት ኮረብታ፣ ወደ ቤዛዊት፣ ይዤ ስወጣ ግን ዳገቱ መሐል ላይ የፍየል መንጋ መንገዱን አቋረጠብኝና ፍሪሲዮንና ፍሬን ረግጬ ቆምኩ። ፍየሎቹ ሲያልፉ፣ መኪናዋ ወደ ኋላ ሳትንሸራተት ለመነሳት ቸኩዬ እግሬን ከፍሬኑ ወደ ቤንዚኑ አሻገርኩ። መኪናዋ ግን ወደ ኋላ አንዲት ጣት እንኳ አልሄደችም። ፍሪሲዮኑን ስለቅ ደግሞ ለቅጽበት ያህል የያዛት ነገር ያለ መሰለ፤ ሞተሩ አቃሰተና መኪናዋ ደንገጥ ብላ ተነሳች። ቤተ መንግሥቱ ደጃፍ ደርሰን ቸርኬዎቹን በእጄ ስዳብስ እጅ አላስቀምጥ ብለው ጋሉብኝ፤ የተቃጠለ የፍሬን ሸራም ሸተተኝ።

በማግሥቱ ለመካኒክ አሳየኋት። «ጋሼ፣ ፍሬኗ ይዟል» አለኝ። አራቱንም ጎማ ፈትቶ ሲያይ ምንም ብልሽት አላገኘም። ከሥሯ ገብቶ ሲመለከት ግን ከፍሪሲዮኑ ፔዳል ተነስቶ በፍሬኑ ቱቦ ላይ ከተገጠመ አንድ ዕቃ ጋር የሚገናኝ ቀጭን ዘንግ አገኘ። ፍሪሲዮንና ፍሬንን የሚያገናኝ ነገር በሌላ መኪና አይቶ ስለማያውቅ «ይህ የፋብሪካ ሥራ አይደለም፤ አንድ ሰው ከጊዜ በኋላ የጨመረው ነው» ብሎ ዘንጉን ነቀለና ዕቃው ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ በሽቦ አሰረው። እኔም አመስግኜ፣ ሂሳቡን ከፍዬ ወጣሁ። በወጣቱ መካኒክ አልፈርድም፤ በራሴ ግን ዛሬም ድረስ እቆጫለሁ፤ መኪናዋ ምን እንዳላት ሳልጠይቅና ሳላነብ ነው ያስነቀልኩት።

ሦስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በዚያው በቤዛዊት ዳገት ከኋላዬ አንድ ባጃጅ ተጠግቶ ቆሞ ሳለ ለመነሳት ስሞክር መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። የእጅ ፍሬኑን ስቤ ሳቆማት በመስተዋቱ የታየኝ የባጃጁ መብራት ሳይሆን ሕፃን ያቀፈች እናት ፊት ነበር። ወርጄ ስለካው በፓራውልቴና በባጃጁ መካከል የቀረው አንድ ስንዝር ነው። ሴትዮዋ አንድ ቃል አልተናገረችኝም፤ ልጇን ወደ ደረቷ አጥብቃ ብቻ ተመለከተችኝ። ያን ቀን ላርክን በመግዛቴ ከልቤ ተጸጸትኩ፤ ማታ ለባለቤቴም «እሸጣታለሁ» ብዬ ነገርኳት።

ጸጸቴን የሻረው ጎማ ለማስነፋት ጎሚስታ ቤት ቆሜ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት ሾፌር ናቸው። መኪናዋን ዞረው ዞረው ካዩዋት በኋላ ኮፈኗን በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው ያነሱት የመጀመሪያው ጥያቄ «ዳገት ላይ ትጠብቅሃለች?» የሚል ነበር። ጥያቄው አልገባኝም። የሆነውን ሁሉ ስተርክላቸው ራሳቸውን ነቀነቁና «ልጄ፣ በሽታ ብለህ ያስነቀልከው እኮ ጤናዋን ነው» አሉኝ። በወጣትነታቸው የነዱት ስቱድቤከር ይኸው ዕቃ ነበረው፤ እሳቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው «ዳገት ያዥ» ይሉት ነበር። ያኔ አገራችን በግራ ትነዳ ስለነበር፣ ማለትም ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ ከመቀየሩ በፊት፣ መሪዋ በግራ የሆነ መኪና የሚነዳ ሰው የሚቀመጠው በመንገዱ ጠርዝ በኩል ነበርና የፊቱን ለማየት እስኪመቸው ዳገት ላይ ደጋግሞ መቆምና መነሳት ነበረበት። ዳገት ያዡን ያኔ እንደወደዱት ነገሩኝ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከእሳቸውና ከዚያው መካኒክ ጋር ሆነን ዕቃውን ከቱቦው ላይ ፈታነው። ዘይቱን ካጠብነው በኋላ አዛውንቱ መዳፌ ላይ አስቀምጠውልኝ «አዘንብለው» አሉኝ። ሳዘነብለው በውስጡ አንዲት የብረት ኳስ ተንከባላ ከዳር ስትደርስ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ወደ ሌላው ወገን ሳዘነብለው እንደገና ቀጭ አለ። በውስጡ ያለው ይኸው ነው። መኪናዋ አፍንጫዋን ሽቅብ አድርጋ ስትቆም ኳሷ በራሷ ክብደት ወደ ኋላ ትንከባለላለች። ነጂው ፍሪሲዮኑንና ፍሬኑን እንደረገጠ ኳሷ የፍሬን ዘይቱን መመለሻ ስለምትዘጋው፣ እግሩን ከፍሬኑ ቢያነሳም ግፊቱ እዚያው ታግቶ ጎማዎቹን እንደያዘ ይቆያል። ነጂው ፍሪሲዮኑን እየለቀቀ ሲሄድ ያ ቀጭን ዘንግ መተላለፊያውን ይከፍተዋል፤ ሞተሩ መሳብ በጀመረበት ቅጽበትም ፍሬኑ ይለቃል። በሜዳና በቁልቁለት ኳሷ ቦታዋን ስለማትዘጋ ምንም አይሠራም፤ ሁለት ወር ሙሉ ሳላውቀው የቆየሁትም ለዚህ ነው። ስቱድቤከር ይህን ዕቃ በመኪኖቹ ላይ መግጠም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። ዛሬ በአዳዲስ መኪኖች ላይ በኮምፒውተርና በዳሳሽ የሚሠራውን ሥራ አንዲት ኳስና አንድ ዘንግ ያለ አንዲት የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲሠሩት ማየት እንዴት ያለ ደስታ እንደሆነ ለደላሎቹ ማስረዳት አልቻልኩም።

ቸርኬዎቹ የጋሉበትም ምክንያት ተገኘ። መኪናዋን እንደገዛሁ ፍሪሲዮኗን አስተካክዬ ነበር፤ ፍሪሲዮኑ ሲስተካከል ግን የዘንጉም ርዝመት አብሮ መስተካከል አለበት። ይህ ስላልተደረገ ዕቃው ፍሬኑን የሚለቀው ዘግይቶ ነበር። እሑድ ጠዋት ቤዛዊት ላይ አምስት ጊዜ ወጣን ወረድን፤ በየጊዜው መካኒኩ ከሥር ገብቶ ማስተካከያውን ግማሽ ዙር ግማሽ ዙር ሲያዞረው፣ በአምስተኛው መኪናዋ ቆመች፣ ጠበቀች፣ ሳትደነግጥም ተነሳች። አዛውንቱ ከአጠገቤ ተቀምጠው «አሁን እሷ ናት» አሉ። ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት ሊሆነው ነው፤ አንድም ቀን አላሳፈረችኝም።

ወደ ሽያጩ ልመለስ። ደላሎቹ የሚሉኝ አንድ ነው፦ «ቀለም አስቀብተህ፣ ፓራውልቱን አስወልውለህ አውጣት፤ ለሠርግ የምትከራይ መኪና ትሆናለች፤ ዋጋዋም እጥፍ ይሆናል።» በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና ሁሉ እንደ ወርቅ እንደሚፈለግም ይነግሩኛል። እኔ የምመልስላቸው ይህን ነው። ስቱድቤከር በፊት ፓራፋንጎው ውስጥ፣ ከጎማው ጀርባ፣ ጭቃ ይዞ የመቆየት የታወቀ ጠባይ አለው፤ ዝገቱም የሚጀምረው ከውስጥ ነው። የእኔዋ በግራ ፓራፋንጎዋ ታችኛው ጫፍ ላይ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አላት። ይህን በስቱኮ ደፍኜ ቀለም ባስቀባው ገዢው ደስ ብሎት ይወስዳታል፤ አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ግን ቀለሙ ፊቱ ላይ ይነፋበታል። የገዛኋት ተነድታ የምትኖር መኪና አድርጌ ነው፤ የምሸጣትም እንደዚያው ነው። የቀለሟ መደብዘዝ፣ የሾፌሩ ወንበር ስፌት መፈታት፣ የክሩስኮቷ ስንጥቅ ሁሉ በግልጽ ይታያል። የተሸፈነ ነገር የለባትም።

ሌላውን በአጭሩ ልናገር። ሞተሯ ሲወጣ 90 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ በመሳሳቱ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ይወስድባታል፤ ሆኖም ለከተማ ይበቃታል። በሊትር ከሰባት እስከ ስምንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ ቤንዚን በሚጠፋበት ሰሞን አቆማታለሁ። ዲናሞዋ አንድ ጊዜ ተጠግኗል።

ገዢው ሳይሰማ እንዲሄድ የማልፈልገው አንድ ከባድ ጉድለት ግን አለባት። የዘመኑ አብዛኞቹ መኪኖች እንደነበሩት፣ አራቱንም ጎማ የሚያቆመው አንድ ነጠላ የፍሬን መስመር ነው፤ አንድ ቱቦ ከፈሰሰ የእግር ፍሬኑ በሙሉ ይጠፋል። በአሜሪካ መኪኖች ላይ ሁለት የተለያዩ መስመሮች መደበኛ የሆኑት እ.ኤ.አ. ከ1967 ሞዴል ወዲህ ነው። ስለዚህ የፍሬኑን የጎማ ቱቦዎች በሙሉ አስቀይሬያለሁ፣ የፍሬን ዘይቱን በዓመት አንድ ጊዜ እለውጣለሁ፣ የእጅ ፍሬኑንም በየወሩ እፈትሻለሁ። ይህን ለማድረግ የማይፈቅድ ሰው ምንም ያህል ብር ቢያቀርብ ልሸጥለት አልፈልግም።

የምሸጣት የምከራየው ቤት በመቀየሩ ነው። አዲሱ ቤት ግቢ የለውም፤ መኪናዋን ውጭ ፀሐይና ዝናብ ላይ ማሳደር ደግሞ ዝገቱን ማፋጠን ነው። በመግዛቴ አንዳች ጸጸት የለኝም፤ ያወጣሁትን ገንዘብ ሁሉ ደግሜ አወጣው ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ የቴክኒክ መምህር መጡ። ገና ስለ ቀለሙ ሳይጠይቁ «ዳገት ያዡ ይሠራል?» አሉኝ፤ ከየት እንዳወቁት ስጠይቃቸው ስለ ስቱድቤከር አንብበው እንደመጡ ነገሩኝ። መሪውን ለቀቅኩላቸውና ወደ ቤዛዊት ወጣን። መሐል ዳገቱ ላይ ቆሙ፤ እግራቸውን ከፍሬኑ አነሱ። መኪናዋ እንደተተከለች ቆመች። መምህሩ አልተነሱም፤ ሁለቱንም እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው፣ በግራ እግራቸው ፍሪሲዮኑን እንደረገጡ፣ ቁልቁል አባይን እያዩ ረጅም ጊዜ ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ፍሪሲዮኑን ለቀቁና ያለ አንዲት መደንገጥ ተነሳን። ያቀረቡልኝ ዋጋ ደላሎቹ ከሚሉት በብዙ ያንሳል፤ ቀሪውን ገንዘብ ለማሟላትም እስከ መጋቢት መጨረሻ ጊዜ ጠይቀውኛል። እጠብቃቸዋለሁ አልኳቸው። የዘንጉን ማስተካከያ እንዴት እንደሚያዞሩም በሚቀጥለው እሑድ ከሥር ገብተን አሳያቸዋለሁ።