አሪማ ወይስ የካሊናጎ ምድር? የካሪቢያንን ነባር ሕዝቦች ለማየት የቱ ይሻላል?

ለአንድ ሳምንት ዕረፍት ወደ ካሪቢያን ልትሄዱ አስባችኋል እንበል። ባሕር ዳር ከመተኛት ይልቅ ኮሎምበስ ከመምጣቱ በፊት በደሴቶቹ ላይ ይኖሩ የነበሩትን ሕዝቦች ማወቅ የሚያጓጓችሁ ከሆነ፣ ከአሜሪካ በቀላሉ የሚደረስባቸውን ሁለት ቦታዎች ላወዳድርላችሁ። አንዷ ትሪኒዳድ ውስጥ ያለችው የአሪማ ከተማ ናት። ሌላው ዶሚኒካ ውስጥ ካሊናጎ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች የሚኖሩበት የካሊናጎ ግዛት ነው። ቲኬት ስትቆርጡ ዶሚኒካን ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ጋር እንዳታምታቱ፤ ሁለቱ የተለያዩ አገሮች ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ለመድረስ አሪማ ትቀላለች። የፒያርኮ አውሮፕላን ማረፊያ ቅርቧ ነው፤ ከኒውዮርክም ከማያሚም ቀጥታ በረራ አለ። ከዋና ከተማዋ ከፖርት ኦፍ ስፔን የምትነሱ ከሆነ ደግሞ ቀይ መስመር ያለባቸው ሚኒባሶች፣ በአገሬው አጠራር ማክሲ ታክሲዎች፣ አሪማ ያደርሷችኋል። ወደ ዶሚኒካ ከማያሚ ቀጥታ በረራ የተጀመረው በ2021 መጨረሻ ነው። ደግነቱ አውሮፕላን ማረፊያው ካሊናጎዎቹ ባሉበት በሰሜን ምሥራቅ በኩል ስለሆነ፣ ወደ ዋና ከተማዋ ሮዞ መውረድ አያስፈልግም። መኪና የምትከራዩ ከሆነ በሁለቱም አገር የሚነዳው በግራ ነው፤ የዶሚኒካ መንገድ ደግሞ ተራራማና ጠመዝማዛ ነው።

አሪማ ገበያዋ የደራ፣ ሕዝቧ የተቀላቀለ ከተማ ናት። ባገኛችሁት ቀን ብትሄዱ የምታዩት በ1637 ስፔኖችን የወጋውን፣ ከነባሮቹ ሕዝቦች የአንዱ የኔፑዮ አለቃ የነበረውን የሃያሪማን ሐውልት፣ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ደግሞ ክሊቨር ዉድስ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ሙዚየም ነው። ስለዚህ ቀኑን መምረጥ ግድ ነው። ኦገስት 1 ካልቫሪ ኮረብታ ላይ መድፍ ይተኮሳል፤ የቅድስት ሮዛ በዓል መቃረቡን ማብሰሪያ ነው። በወሩ መጨረሻ የቅድስቲቱ ምስል በአበባ አጊጦ በከተማው ይዞራል፤ አሪማ ያለው የነባር ሕዝቦች ማኅበረሰብ ንግሥትም አብራ ትሄዳለች። ጊዜው ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ስለሆነ ለጿሚም ይመቻል። ሁለተኛው ጥሩ ጊዜ ኦክቶበር ነው፤ በ2017 መንግሥት ኦክቶበር 13ን ለነባር ሕዝቦች ክብር ለአንድ ጊዜ ብሔራዊ በዓል አድርጎት ነበር።

የካሊናጎ ግዛት ግን ሌላ ነገር ነው። እዚያ የምትሄዱት በዓል ለማየት ሳይሆን ሰዎቹ በገዛ መሬታቸው ሲኖሩ ለማየት ነው። ግዛቱ በ1903 የተከለለ 3,700 ኤከር ሲሆን፣ ወደ 3,000 የሚጠጋ ሰው ይኖርበታል። መሬቱ የጋራ በመሆኑ ለውጭ ሰው አይሸጥም። ከዚያ ወዲህ ግን በሰላም ብቻ የኖሩ እንዳይመስላችሁ፦ በሴፕቴምበር 1930 ፖሊስ የኮንትሮባንድ ዕቃ ፍለጋ ገብቶ ተኩስ ከፍቶ ሁለት ሰው ገደለ፤ እንግሊዞች የጦር መርከብ ላኩ፤ አለቃቸውንም ከሥልጣኑ አነሱት። በ2023 ደግሞ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የሆነችው ሲልቫኒ በርተን ራሷ ካሊናጎ ናት።

ካሊናጎ ባራና ኦቴ የተባለውን የባህል መንደር ጎብኙ፤ ግን በዚያ ብቻ አትመለሱ። ግዛቱ ውስጥ ሳሊቢያ በተባለው መንደር ያለችው ቤተ ክርስቲያን መንበሯ ከታንኳ የተሠራ ነው። የካሳቫ ዳቦ ሲጋገር ቁሙና እዩ፤ ሥሩ ይላጣል፣ ይፈቀፈቃል፣ ውኃው ተጨምቆ ይወጣል፣ ከዚያ በሰፊ የጋለ ብረት ላይ ይነጠፋል። ምጣድ ላይ ቆሞ ያደገ ሰው እጁ እንዴት እንደሚሄድ ወዲያው ይገባዋል። ቅርጫታቸው የሚሠራው ላሩማ ከተባለ ተክል ነው። እንደኛ ስፌት እየተጠቀለለ አይሰፋም፤ እንደ ሰሌን ይታታል። ጥቁሩን ቀለም የሚያገኙት ጭቃ ውስጥ ቀብረው ነው። ድሮ ዝናብ እንዳያስገባ በሁለት ድርብ ታትተው መካከሉ ላይ ሰፋፊ ቅጠል ያነጥፉበት ነበር። የምትገዙ ከሆነ መንገድ ዳር ተቀምጣ ከምትሠራዋ ከእጇ ግዙ።

አየር ጠባዩን አትናቁ። ትሪኒዳድ ወደ ደቡብ ስለሆነች አውሎ ነፋስ ብዙም አያገኛትም፤ ዶሚኒካን ግን ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ በሴፕቴምበር 18 ቀን 2017 አውድሟታል። የካሊናጎ ሳምንት የሚከበረውም በዚያው ወር ነው፤ ለዚያ ጊዜ የሚቀየር ቲኬት ብትቆርጡ ይሻላል። በጸጥታ በኩል ዶሚኒካ ትረጋጋለች። ትሪኒዳድ በ2024 መጨረሻ በወንጀል የተነሳ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጃ ስለነበር፣ ከመሄዳችሁ በፊት ወቅታዊውን ማስጠንቀቂያ አንብቡ፤ ማታ ማታም ብቻችሁን አትዙሩ።

ሦስት ቀን ብቻ ካላችሁና ወሩ ኦገስት ከሆነ አሪማን ምረጡ። አምስት ቀንና ከዚያ በላይ ካላችሁ፣ በተለይ ከፌብሩዋሪ እስከ ሜይ ባለው ደረቅ ወቅት፣ እኔ ያለ ማመንታት ካሊናጎን እላለሁ፤ ሁለቱን ሌሊት እዚያው ግዛቱ ውስጥ እንግዳ የሚቀበል ቤተሰብ ዘንድ እደሩ። ዶሚኒካ ውስጥ ዋጋ ሲነገራችሁ በየትኛው ዶላር እንደሆነ ጠይቁ፤ አንዱ የአሜሪካ ዶላር 2.70 የምሥራቅ ካሪቢያን ዶላር ነው።