የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶ «በቲፍ እናስረክባለን» የሚሏችሁን ተጠንቀቁ

የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች፣ የቤተሰብ ፎቶ ስካን ልታስደርጉ ካሰባችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

ሰሞኑን አንድ አገልግሎት በደንብ እየተሸጠ ነው። የአያት የቅድመ አያት ፎቶ ትሰጣላችሁ። «በቲፍ ፎርማት፣ በከፍተኛ ጥራት» ተብሎ በፍላሽ ይመለስላችኋል። ቲፍ (TIFF) የፎቶ ፋይል ዓይነት ነው። ዋጋው ከተራው ስካን እጥፍ ነው። በ2014ቱ ጦርነት ቤቱ ተዘርፎ አልበሙን ያጣ ሰው በየሰፈሩ አለ። የተረፈችውን አንዲት ፎቶ ለልጆቹ ማቆየት የፈለገ ሰው ደግሞ ዋጋ አይከራከርም። ከሁሉም በላይ ያናደደኝ ይሄ ነው።

እኛ ፎቶውን የሰጠነው ደሴ ፒያሳ አካባቢ ይህን አገልግሎት ለሚሰጥ አንድ ቤት ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ተመሳሳይ ቃል የሚገቡ ሌሎችም ስላሉ መታወቅ ያለበት አሠራሩ ነው። ፎቶው 10 በ15 ሴንቲሜትር ነው። ወንድ አያቴ ጥቁር ካፖርት ለብሰው ቆመዋል። ሴት አያቴ ነጠላ ተከናንበው አጠገባቸው ተቀምጠዋል። ከኋላቸው ያለው መጋረጃ ከላይ ነጣ ብሎ ወደ ታች ቀስ እያለ ይጠቁራል። ወረቀቱ ላይ የካፖርቱ ቁልፎች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። የነጠላው ጥለት መስመሩ ሳይቀር ይለያል።

ፍላሹን ስንከፍት ካፖርቱ ድፍን ጥቁር ሆኗል። ቁልፎቹ የሉም። መጋረጃው ደረጃ ደረጃ ሠርቷል፤ ግራጫው በቀስታ መጥቆር ትቶ እየዘለለ ይወርዳል። ጥለቱ ላይ ዙም ሲደረግ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይታያሉ። የፋይሉ ስም ግን ቲፍ ነው። ክብደቱም ከባድ ነው።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ ቲፍ ነው። ከዚህ በላይ ጥራት የለም። ፎቶው ራሱ አርጅቶ ነው» አለኝ እዚያ የሚሠራው ልጅ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ቁልፎቹን በጣቴ አሳየሁት። ከዚያ ነገሩ ወጣ። ቤቱ ስካነር የለውም። ፎቶውን በሞባይል ያነሱታል። ኮምቦልቻ ላለ ኤዲተር በቴሌግራም ይልኩታል። እሱ ነካክቶ እንደገና በቴሌግራም ይመልሰዋል። መጨረሻ ላይ ደሴ ውስጥ «ቲፍ» ተብሎ ሴቭ ይደረጋል። ፎቶው በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ሐረጎን ሲወርድም ሲወጣም የተጨመቀው ቅጂ ብቻ ነው የተጓዘው።

አሁን ዋናው ነገር። ቲፍ ጥሩ ፎርማት ነው። የተቀበለውን ሳይቀንስ መያዝ ይችላል። የጠፋውን ግን አይመልስም። ሞባይልና ቴሌግራም ብዙ ጊዜ ፎቶ የሚይዙት ጄፔግ (JPEG) በሚባል የተጨመቀ ፋይል ነው። ጄፔግን ወደ ቲፍ መቀየር ውሃ የገባበትን ወተት ወደ ትልቅ ቅል መገልበጥ ነው። ቅሉ ይከብዳል፣ ወተቱ ያው ነው።

ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ጉዳቱ ቶሎ የሚታየው ለምን መሰላችሁ? ቀለም የለውም። ያለው የግራጫ እርከን ብቻ ነው። ባለ 8 ቢት ፋይል ከድፍን ጥቁር እስከ ንጹሕ ነጭ 256 እርከን ይይዛል። ባለ 16 ቢት ከሆነ 65,536። ጄፔግ የሚይዘው 8 ቢቱን ነው። በዚያ ላይ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል (ምስሉ የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) በሆኑ ካሬዎች ከፍሎ ጥቃቅኑን ይጥላል። እነዚያ ጥለቱ ላይ ያየናቸው አራት ማዕዘኖች ከዚህ የመጡ ናቸው። ተስተካክሎ እንደገና ጄፔግ ሲደረግ ጉዳቱ ይደራረባል። ኤዲተሩ «ላብራው» ብሎ ያሉትን ጥቂት እርከኖች ሲለጥጣቸው ደግሞ በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል። መጋረጃችን ደረጃ የሠራው በዚህ ነው።

የካፖርቱ መጨለም ግን ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ እዚህ ላይ ተስፋ አለ። የግሬይስኬል ፋይል፣ ማለትም በግራጫ እርከን የተሠራ ፋይል፣ «ይህ ቁጥር ይህን ያህል ይጠቁር» የሚል መረጃ ይዞ ይሄዳል። ፕሮፋይል ይሉታል። ፎርማት ሲቀየር ፕሮፋይሉ ከወደቀ ወይም በሌላ ከተነበበ ፎቶው ይጨልማል ወይም ይገረጣል። ለምሳሌ ዶት ጌይን 20 ፐርሰንት በሚባለው የኅትመት ፕሮፋይል የተዘጋጀ ፋይል ጋማ 2.2 በሚባለው የስክሪን ፕሮፋይል ሲነበብ ጠቆር ይላል። ቁጥሮቹ ስላልተነኩ ትክክለኛውን ፕሮፋይል መልሶ መስጠት ይበቃል። ስለዚህ ፎቶው ስለጨለመ ብቻ ተበላሽቷል አትበሉ። ፎቶሾፕ የሚችል ሰው መጀመሪያ ፕሮፋይሉን ይይላችሁ። ያንን ሳያይ በብርሃን ማስተካከያ ከጎተተው ግን ጉዳቱ እውነተኛ ይሆናል። የኛ ካፖርት የደረሰበትም ይኸው ነው። ፕሮፋይሉን ብናስቀይርም ቁልፎቹ አልተመለሱም።

አንድ ሌላ ወጥመድም አለ። ብዙ ስካነሮች ላይ «ብላክ ኤንድ ዋይት» የሚል ምርጫ አለ። እሱ ለጽሑፍ ወረቀት ነው፤ ያለው ድፍን ጥቁርና ድፍን ነጭ ብቻ ነው። ችኩል ሠራተኛ «ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው» ብሎ እሱን ከመረጠ የፊት ጥላ በሙሉ ይሞታል። መመረጥ ያለበት «ግሬይስኬል» ነው። ጊፍ (GIF) በሚባለው የፋይል ዓይነት የሚሰጣችሁ ከሆነም አትቀበሉ። ወደ ጊፍ ሲቀየር ብዙውን ጊዜ እርከኖቹ ይቀነሱና ፎቶው በነጠብጣብ ይሞላል።

ስለዚህ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት «ስካነሩን አሳዩኝ» በሉ። ማፈር አያስፈልግም፣ ገንዘባችሁ ነው። 10 በ15 የሆነ ፎቶ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን ሲደረግ ወደ 2362 በ3543 ፒክስል ይወጣል። ሳይጨመቅ በ8 ቢት ግሬይስኬል 8 ሜጋባይት አካባቢ ይሆናል። የፒክስሉን ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ ፋይሉን በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ ‹ፕሮፐርቲስ› ውስጥ ታገኙታላችሁ። ረጅሙ ጎን 1280 ከሆነ ጠርጥሩ፤ ቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲልክ ብዙ ጊዜ ወደዚያ ያወርደዋል። እንዲህ ያለውን ፋይል 40 ሴንቲሜትር አድርጋችሁ ፍሬም ውስጥ ልታስገቡት ብታሳጥቡት የሚደርሰው 81 ዲፒአይ ነው። ለጥሩ ኅትመት የሚፈለገው 300 ነው። የፒክስሉ ቁጥር ትልቅ መሆኑ ብቻውንም አይበቃም፤ ትንሹን ጎትቶ ማሳደግ ቀላል ነው። ዙም አድርጉና ወረቀቱ ላይ የምታውቁትን አንድ ጥቃቅን ነገር ፈልጉ። የጥርስ መስመር፣ የሹሩባ ክር፣ የቀለበት ጠርዝ። ወረቀቱ ላይ ኖሮ ፋይሉ ላይ ከሌለ አትረከቡ።

ከፋይሎቹ ውስጥ መጀመሪያ የወጣውን ያልተነካካ ስካን ለብቻው ጠይቁ። «ኤዲት የተደረገውን ብቻ ነው የምንሰጠው» ካሏችሁ ፎቶአችሁን ይዛችሁ ውጡ። ሥራው በስልክ የሚላክ ከሆነም ቴሌግራም ላይ «እንደ ፋይል» ይላክ፤ ያኔ አይጨመቅም። ወረቀቱን ደግሞ እዚያ አታሳድሩት።

ደረሰኝ ተቀበሉ። ደረሰኙ ላይ «ስካን፣ ግሬይስኬል፣ 600 ዲፒአይ» ተብሎ ይጻፍ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። በሞባይል የተነሳን ፎቶ «ከፍተኛ ጥራት ያለው ስካን» ብሎ መሸጥ ከዚህ ጋር አይሄድም። እኛ ይህን ጠቅሰን ስንነጋገር የከፈልነው ተመልሶልናል። ደረሰኝ ባይኖረን ኖሮ ክርክሩ በከረረ ነበር።

ቀድሞ ያሠራችሁ ካላችሁ ፋይሉን ዛሬውኑ ከወረቀቱ ጋር አስተያዩት። ወረቀቱ እጃችሁ ላይ ካለ ፋይሉን ለማስጠገን ገንዘብ አታውጡ። እውነተኛ ስካነር ያለው ቤት ፈልጋችሁ ከወረቀቱ እንደገና አሠሩ። ወረቀቱ ጠፍቶ የቀራችሁ ጄፔግ ብቻ ከሆነ ዋናውን አትንኩት፣ ስሙንም አትቀይሩ፣ ሌላ ፍላሽ ላይም ገልብጡት። ማስተካከል ካስፈለገ ቅጂ ወስዳችሁ መጀመሪያ ወደ ፒኤንጂ ወይም ወደ ቲፍ ቀይሩት፤ ቢያንስ ከዚያ በኋላ ሴቭ በተደረገ ቁጥር አይቀንስም።