ጆርጂያ የተገጣጠመው ኪውሴልስ ሶላር፦ ዕቃው ጥሩ ነው፣ ዋጋው ግን ብዙ ያናግራል

ሜሪላንድ ያለው ቤታችን ጣሪያ ላይ ያስገጠምነው ኪውሴልስ የሚባለውን ጥቁር ባለ 400 ዋት የሶላር ፓነል ነው። ዕቃው አሪፍ ነው። ሰመር ላይ ኤሲው ቀኑን ሙሉ እየሠራ እንኳ የመብራት ቢላችን ወርዷል። ዊንተር ላይ ቀኑ ስለሚያጥር ብዙ አትጠብቁ። ዋስትናው 25 ዓመት ነው፤ በ25ኛው ዓመትም ቢያንስ 86 በመቶ ኃይሉን እንደሚሰጥ በጽሑፍ ይሰጣችኋል። የገጠሙልን ልጆች ሥራቸው ንጹሕ ነው፣ የፈቃዱ ጉዳይ ግን ተጓተተብን።

አሁን ወደ ዋጋው። ዓለም ላይ ፓነል እንዲህ ረክሶ እዚህ ለምን ይወደዳል? አንዱ ምክንያት ቀረጥ ነው። በ2018 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የትራምፕ አስተዳደር ከውጭ በሚገባ ሴል (ፓነሉ ውስጥ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል) እና ፓነል ላይ 30 በመቶ ጣለ፣ በየዓመቱ እየቀነሰ የሚሄድ። በዓመቱ የኮሪያው ኩባንያ ሃንዋ ጆርጂያ ያለችው ዳልተን ከተማ ላይ የኪውሴልስን ፋብሪካ ከፈተ። ስለዚህ ቀረጡ ምንም አልሠራም አልልም። ግን ፋብሪካው የሚገጣጥም ነው፤ ዋናው ነገር፣ ሴሉ፣ የሚመጣው ከውጭ ነበር። ትልቁን ለውጥ ያመጣው የ2022ቱ ሕግ ነው ባይ ነኝ፤ አገር ውስጥ ለሚመረት ፓነል በዋት 7 ሳንቲም፣ ለሴል 4 ሳንቲም የታክስ ድጋፍ ለአምራቹ ይሰጣል። እኔ ጣሪያ ላይ ላለው ለአንዱ ፓነል 28 ዶላር ማለት ነው። ኪውሴልስ ጆርጂያ ላይ ሴል ጭምር ለማምረት 2.5 ቢሊዮን ዶላር የመደበው ከዚያ በኋላ ነው።

በጣም የሚያናድደኝ የገዢው ጉዳይ ነው። ከነሥራው ከጠቅላላ ወጪያችሁ ላይ ይመለስ የነበረው 30 በመቶ የታክስ ክሬዲት በ2025 መጨረሻ ቆመ። ቀረጡ በሌላ ስም ቀጥሏል፣ ቤት ያለው ሰው ግን ሙሉውን ይክፈል ተባለ። ይሄ ልክ አይደለም።

እኛን አበሾችን የሚነካም ነገር አለ። አሜሪካ በቬትናም፣ በታይላንድ፣ በማሌዥያና በካምቦዲያ ሴሎች ላይ ከባድ ቀረጥ ስታመጣ (ለአንዳንድ የካምቦዲያ አምራቾች ከ3,500 በመቶ በላይ!) ቬትናም ይሠራ የነበረው የጃፓኑ ኩባንያ ቶዮ ሀዋሳ ላይ የሴል ፋብሪካ ተከለ። የሀዋሳ ልጆች የሠሩት ሴል አሜሪካ ጣሪያ ላይ ሲወጣ ደስ ይለኛል። ስጋቴ ዋሽንግተን ነገ ኢትዮጵያ ላይም ተመሳሳይ ቀረጥ ብትጥል ፋብሪካው ጠቅልሎ እንዳይሄድ ነው፤ መንግሥታችን ከኪራይና ከታክስ እፎይታ አልፎ እዚያው አገር ቤት ፓነል የሚገጣጥምና የሚገዛ ገበያ ቢፈጥር ይሻላል።

ግዙ ወይ ካላችሁኝ፣ ጣሪያችሁ ወደ ደቡብ ካየና ዛፍ ካልጋረደው አዎ። ከተለያዩ ገጣሚዎች ዋጋ ተቀበሉ፣ በዋት ስንት እንደሚመጣ አስሉ፤ ከፓነሉ ይልቅ የጉልበቱ፣ የፈቃዱና የሻጩ ኮሚሽን ነው ኪስ የሚያራቁተው። ሴሉ የት እንደተመረተም በጽሑፍ ጠይቁ።