36 ሰዓት የፈጀው ረቡዕ፦ የሲንጋፖር አየር መንገድ ቢዝነስ ክላስ የጾም ገበታ

እናቴ የደወለችው ማክሰኞ ማታ ሲንጋፖር ውስጥ ቡን ታት ጎዳና ላይ ሳቴ እየበላሁ ነው። ጎዳናው ላው ፓ ሳት ከሚባለው አሮጌ የገበያ አዳራሽ ጎን ነው። ሲመሽ ለመኪና ይዘጋል፤ ጠረጴዛ ይደረደርበታል፤ ከሰል ይቀጣጠላል። ሳቴ በቀጭን እንጨት ላይ ተሰክቶ የሚጠበስ ሥጋ ነው። የለውዝ ስጎ እያጠቀሱ ይበሉታል።

«ነገ እኮ ረቡዕ ነው። አውሮፕላን ላይ ምን ልትበላ ነው?» አለችኝ።

«የጾም አዝዣለሁ እማዬ።»

«ስንት ሰዓት ነው መንገዱ?»

«18 ሰዓት አካባቢ።»

«በስመ አብ! በል ቀዝቃዛ እንዳትበላ። አሙቁልኝ በላቸው።»

ጭንቀቷ ገብቶኛል። በረራው ከቻንጊ ኤርፖርት የሚነሳው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ረቡዕ ገብቷል ማለት ነው። ያን ሁሉ ሰዓት በርሮ ኒው ዮርክ ሲያርፍ ደግሞ እዚያ ገና ረቡዕ ማለዳ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል በዚህ ወቅት የ12 ሰዓት ልዩነት አለ። ስለዚህ የእኔ ረቡዕ 36 ሰዓት ሊሆን ነው። አውሮፕላኑ ላይ የሚቀርበው ምግብ ሁሉ ጾም ላይ ይወድቃል።

ቲኬቱን የገዛልኝ መሥሪያ ቤቴ ነው። ይህን ቀድሜ መናገር አለብኝ፤ በራሴ ኪስ የምችለው ዋጋ አይደለም። አውሮፕላኑ ኤርባስ ኤ350-900 ነው፤ ለዚህ ዓይነት ረጅም መንገድ ተብሎ የተሠራው። የያዘው 161 ወንበር ብቻ ነው፤ 67ቱ ቢዝነስ፣ 94ቱ ፕሪሚየም ኢኮኖሚ። ተራ ኢኮኖሚ ጭራሽ የለም። ከ15,300 ኪሎ ሜትር በላይ ሳያርፍ ይሄዳል። አየር መንገዱ ወደ ኒው ዮርኩ ጄኤፍኬ ኤርፖርት ሳያርፍ መብረር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ላይ ነው። ወንበሩ ሰፊ ነው፤ ሁሉም ሰው በቀጥታ ወደ መተላለፊያው ይወጣል። ስለ ወንበሩ ይህ ይበቃል። እኔ ልናገር የመጣሁት ስለ ገበታው ነው።

በጾም ቀን በአውሮፕላን ለሄደ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው ሌላ አየር መንገድ ላይ አንድ አርብ ቀን የጾም ምግቤን ስከፍተው አይብ የተነሰነሰበት ፓስታ ሆኖ አገኘሁት። «ሥጋ እኮ የለውም» ተባልኩ። ስምንት ሰዓት ሙሉ በለውዝና በውሃ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ምግብ የማዝዘው ተጠንቅቄ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ልንገራችሁ፤ «ቬጂቴሪያን» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። የሕንድ ቬጂቴሪያን የሚባለው ወተትና እርጎ ሊኖረው ይችላል። ሌላው ደግሞ እንቁላል አለው። ለእኛ ጾም የሚሆነው ቪጋን ተብሎ የሚታዘዘው፣ ከእንስሳት የሚገኝ ምንም ነገር የሌለው ነው፤ በአየር መንገዶች ቋንቋ «ቪጂኤምኤል» ይሉታል። ቢያንስ ከበረራው 24 ሰዓት በፊት መታዘዝ አለበት። ዓሣ የሚበሉ ጿሚዎች አሉ፤ እኔ አልበላም።

ሲንጋፖር አየር መንገድ «ቡክ ዘ ኩክ» የሚባል አሠራርም አለው። ተሳፋሪው ከመነሳቱ በፊት ከረጅም ዝርዝር ውስጥ ዋና ምግቡን ይመርጣል። ሎብስተር ተርሚዶር የሚባለው በክሬም የሚሠራ የባሕር ምግብ ስሙ የገነነ ነው። ክሬሙ ግን ለረቡዕ አይሆንም፤ አለፍኩት።

ከተነሳን በኋላ መብራቱ ደብዘዝ አለ፤ ጠረጴዛዬ ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጠፈ። ከጎኔ ላለው ሰው የመጣው ሳቴ ነው። ሽታው በደንብ ደረሰኝ። ለእኔ የተጠበሰ ዱባና ኪያር ያለው ሰላጣ መጣ፤ በሎሚ የታሸ። ቀጥሎ ዳቦ። እዚህ አየር መንገድ ላይ ነጭ ሽንኩርት የተቀባው ትኩስ ዳቦ ብዙ ወዳጅ አለው። እጄን ስዘረጋ ሆስተሷ ቅርጫቱን ትንሽ ሳብ አደረገችው።

«ይቅርታ፣ ይሄኛው ቅቤ አለው። ለእርስዎ የሚሆነውን ላምጣልዎት» አለችኝ።

ከዚያ አሙቃ ሌላ ዳቦ ይዛ መጣች፤ ከወይራ ዘይት ጋር። እኔ ምንም አልጠየቅኳትም። የምትይዘውን ምግብ ታውቀዋለች፤ የሚበላውንም ሰው አይታዋለች። ያ አይብ የተነሰነሰበት ፓስታ ትዝ አለኝና ልቤ ሞቀ። ከዚህ በኋላ ምንም ቢመጣ ነጥቧን አትነጠቅም።

ዋናው ምግብ በአኩሪ አተር ስጎ ቀስ ብሎ የበሰለ ቶፉ፣ ማለትም ከአኩሪ አተር ወተት የሚረጋ አይብ መሰል ምግብ፣ ነበር፤ ከእንጉዳይ፣ ከአረንጓዴ ጎመንና ከነጭ ሩዝ ጋር። ቶፉው ስጎውን ጠጥቶታል። እንጉዳዩ ወፍራም ነው፤ ሲታኘክ ሥጋ ሥጋ ይላል። ሩዙ እርጥበቱን እንደያዘ ነው። ቃሪያ ጠየቅሁ። በትንሽ ሳህን ቀይ ቃሪያ ተከትፎ በአኩሪ አተር ስጎ ውስጥ መጣልኝ። አፍን ይለበልባል፤ እኔ የምወደው ዓይነት። ሳህኑን ጠርጌ በላሁ።

ለምን እንደጣፈጠኝ ሳስበው የእናቴ ወጥ መጣብኝ። የአውሮፕላን ምግብ እዚያው አይበስልም። ምድር ላይ ተሠርቶ፣ ቶሎ ቀዝቅዞ፣ ተጭኖ፣ በትኩስ አየር ምድጃ ይሞቃል። ስለዚህ ከእሳት ሲወርድ ብቻ የሚጥም ምግብ እዚያ ይበላሻል። ጥብስ ይደርቃል፤ ዓሣ ይፈረፈራል። አድሮ የሚጥም ምግብ ግን ያሸንፋል። ያደረ ምስር ወጥ ከትናንቱ እንደሚበልጥ እናውቃለን። ስጎ ያለውና ቀስ ብሎ የበሰለው የጾም ምግብ ለዚህ የተፈጠረ ነው። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ቢዝነስ ክላስ ወጥ በእንጀራ ሲቀርብ የሚያምርበትም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

ሌላም ነገር አለ። ሰማይ ላይ ምላስ ይደክማል። በጀርመን የፍራውንሆፈር የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2010 ባደረገው ጥናት፣ በአውሮፕላን አየር ውስጥ የጨው ጣዕም ከ20 እስከ 30 በመቶ፣ የስኳር ደግሞ ከ15 እስከ 20 በመቶ እንደሚቀንስ ተገምቷል። የአየሩ ድርቀት አፍንጫን ያደርቃል። ግፊቱም ዝቅ ይላል። ግፊቱን በተመለከተ ግን የአዲስ አበባ ልጅ ብዙ አይደነግጥም። የኤ350 ውስጡ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አውሮፕላኑ ውስጥ ተቀምጬ ከተወለድኩበት ሰፈር ዝቅ ብዬ ነበር ማለት ነው! ውሃ እንኳ እዚያ 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ አዲስ አበባ 92 አካባቢ ላይ።

ለዚህ ነው ስለ አውሮፕላን ቡና ከፍታውን ምክንያት አድርገው ሲነግሩኝ የማልቀበለው። ጀበናችን ከዚያ ከፍ ብሎ እየፈላ ስንት ዘመን ኖረ። ያቺ ሌሊት የቀረበልኝ ቡና ጠቆር ያለና ንጹሕ ነበር። ሁለት ሲኒ ጠጣሁ፤ ያለ ወተት። ማጣፈጫው ተቆራርጦ የመጣ ማንጎና ፓፓያ ነው። ማንጎው በስሏል፤ ጭማቂው እጅ ላይ ይወርዳል።

ከዚያ እንቅልፍ። ወንበሩ አልጋ የሚሆነው ተነስተው ጀርባውን ወደ ፊት ሲያጥፉት ነው። ሆስተሷ አነጠፈችልኝ። ስድስት ሰዓት ያህል ተኛሁ።

ስነቃ የት እንዳለን አላውቅም። መስኮቱ ጨለማ ነው። ራበኝ። በረጅም በረራ ላይ በመካከል የሚበላ ቀለል ያለ ነገር መጠየቅ ይቻላል። ለጿሚ ምን እንዳለ ስጠይቅ ሌላ አስተናጋጅ መጣ። ወረቀት ላይ ስሜን ፈለገ። ከዚያ አንድ ሳህን ትኩስ የአትክልት ሾርባ አመጣልኝ። ጎኑ ላይ ለውዝና ሙዝ አለ። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ከሌሊቱ ስንት እንደሆነ በማይታወቅበት ሰዓት ትኩስ ሾርባ ሆድን ያሳርፋል።

ከማረፋችን ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ሁለተኛው ገበታ መጣ። ቀጭን የሩዝ ኑድል ነው፤ ቢ ሁን ይሉታል። ከካሮት፣ ከጥቅል ጎመንና ከባቄላ ቡቃያ ጋር የተጠበሰ። ከመጀመሪያው ይልቅ ቀለል ይላል፤ እኔ ግን ልቤ ቶፉው ላይ ነው ያለው። የተረፈችኝን ቃሪያ አፈሰስኩበትና ተስተካከለ። አጠገቤ ያለው ሰው እንቁላሉን ትቶ ሳህኔን ሁለት ጊዜ አየው። «ምን ብለህ ነው ያዘዝከው?» አለኝ። ነገርኩት። ስልኩ ላይ ጻፈው።

ከኒው ዮርክ ሰማይ ስር ስንገባ ጎህ እየቀደደ ነበር። ቅርጫቱን ሳብ ያደረገችው ሆስተስ በሩ አጠገብ ቆማ ተሰናበተችኝ። ስለ ዳቦው አመሰገንኳት።

ሻንጣዬን እየጠበቅሁ ደወልኩ። አዲስ አበባ ከሰዓት በኋላ ነው።

«በሰላም ገባህ?»

«ገባሁ እማዬ። በደንብ በላሁ። ትኩስ ትኩሱን።»

«ተመስገን። እዚያ ቀኑ ምንድን ነው አሁን?»

«ረቡዕ። ገና ጠዋት ነው።»

«እንግዲያው ምሳህን ሽሮ ብላ» አለችኝ።