ቁጥርና ፊርማ ያለበት ህትመት ልትገዙ ነው? የቱን ከየቱ ትመርጣላችሁ?

ጋለሪ ውስጥ ሁለት ስራዎች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል እንበል። ሁለቱም ወረቀት ላይ ናቸው። ሁለቱም ከታች በእርሳስ ተፈርሞባቸዋል። አንደኛው 12/50 ይላል (ከሃምሳ ቅጂዎች 12 ቁጥር የተሰጠው ማለት ነው)፤ ሌላኛው 12/200። ዋጋቸውም ብዙ አይራራቅም። አንዱን ሠዓሊው እንጨት ላይ ራሱ ቀርጾ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ወረቀት አሳርፎበት ያተመው ነው። ሌላኛው ግን የአንድ የዘይት ቀለም ስዕል ፎቶ ነው። ፎቶው ኮምፒውተር ገብቶ በጥሩ ፕሪንተር ወጣ፤ ሠዓሊውም ፈረመበት። ራቅ ብሎ ለሚያይ ሰው ልዩነቱ ላይታይ ይችላል። እኔ ግን ሁለቱን በአንድ ዋጋ መሸጥ ገዢን ማሳሳት ነው ባይ ነኝ።

ይህን የምጽፈው የመጀመሪያ ህትመታቸውን ለመግዛት ለሚያስቡ ነው። ኦርጅናል የሸራ ስዕል የመግዛት አቅም ለሌለን ሰዎች ህትመት ትልቅ በር ነው። ነገር ግን ስሙ አንድ ሆኖ ውስጡ የተለያየ ነገር በዝቶበታል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጣቸው።

በእጅ የታተመ ወይስ ከፕሪንተር የወጣ?

ዋናው ልዩነት እዚህ ጋ ነው። በእጅ በሚታተመው ሠዓሊው ከመነሻው የሚሠራው ለህትመት ብሎ ነው። እንጨት ላይ፣ ሊኖሊየም (በአጭሩ ሊኖ፤ በቀላሉ የሚፈለፈል የወለል ንጣፍ) ላይ፣ መዳብ ላይ ወይም ድንጋይ ላይ ይሠራል። ይህ የሚሠራበት ሰሌዳ ገና ስዕል አይደለም። ስዕሉ የሚወለደው ወረቀቱ ላይ ነው። ሃምሳ ወረቀት ከታተመ ሃምሳውም ኦርጅናል ናቸው፤ የተኮረጀ ሌላ ስዕል የለማ!

ከፕሪንተር የሚወጣውን ገበያው ጂክሌ ይለዋል። ስሙን በ1991 ያወጣለት ጃክ ዱጋን የተባለ የካሊፎርኒያ የህትመት ባለሙያ ነው። ያኔ ይሠሩበት የነበረው አይሪስ የሚባለው ፕሪንተር የተፈጠረው ለማተሚያ ቤቶች የሙከራ ገጽ ለማውጣት ነበር። ቀለሙም ቶሎ ይደበዝዝ ነበር። አሁን ነገሩ ተሻሽሏል። ዛሬ ጥሩ የፒግመንት ቀለም (ከደቃቅ የቀለም ዱቄት የሚሠራ) በጥጥ ወረቀት ላይ ከታተመና ከፀሐይ ከተጠበቀ ለብዙ አስርት ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ በጥራቱ አልጣላም።

የምጣላው በቁጥሩ ነው። እንጨት የቀረጸ ሠዓሊ ሃምሳውን አትሞ ሲጨርስ ሰሌዳውን በመስመር ሰርዞ ሊያበላሸው ይችላል። ብዙዎች ያደርጉታል። ከዚያ በኋላ ሃምሳ አንደኛ የሚባል የለም። የኮምፒውተር ፋይል ግን የትም አይሄድም። "200 ብቻ" ተብሎ የተሸጠው ስዕል በሚቀጥለው ዓመት መጠኑ ተቀይሮ እንደ አዲስ እትም ቢወጣ ከልካይ የለውም። እዚህ ላይ ቁጥሩ የሚጸናው ሠዓሊው ቃሉን እስከጠበቀ ድረስ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ስራው ከመጀመሪያው ኮምፒውተር ስክሪን ላይ የተሠራ ከሆነ ፍርዱ ይለወጣል። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ዴቪድ ሆክኒ በ2011 የዮርክሻየርን ጸደይ አይፓድ ላይ ስሎ በውስን ቁጥር በፕሪንተር አሳትሟል። ሌላ ኦርጅናል የሚባል ስለሌለ ህትመቱ ራሱ ኦርጅናል ነው። ለፎቶግራፍም እንደዚያው።

እንግዲህ የኔ ምክር ይህ ነው። የምትወዱት ስዕል ካለና ሸራውን መግዛት ካልቻላችሁ ጂክሌውን ሳትጨነቁ ግዙ፤ ሳሎናችሁን ያሳምራል። ግን የምትከፍሉት የጌጥ ዋጋ ይሁን። "ነገ ዋጋው ይጨምራል" የሚላችሁ ሻጭ ካጋጠማችሁ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

በዓይናችሁ እንዴት ትለዩታላችሁ?

ሰዓት ጠጋኞች የሚጠቀሙበትን ዓይነት አጉሊ መነጽር ያዙ። አሥር ጊዜ የሚያጎላው ይበቃል። የምታዩት ከመስታወት ውጪ ይሁን፤ እምቢ ካሉ ጥርጣሬያችሁ ይጨምር።

ፖስተር ከሆነ በአራት ቀለም የተደረደሩ፣ አበባ የሚመስል ክብ የሚሠሩ ነጠብጣቦች ታያላችሁ። ጂክሌ ከሆነ ነጠብጣቦቹ እጅግ ደቃቅ ናቸው፤ ሥርዓት የላቸውም፤ የተረጩ ናቸው። የእንጨት ህትመት ከሆነ ነጥብ የለም። ቀለሙ አንድ ወጥ ነው። መስመሩ ጠርዝ ላይ ስትደርሱ ግን ቀለሙ ወፈር ብሎ ታገኙታላችሁ፤ ሰሌዳው ወረቀቱን ሲጫነው ቀለሙ ወደ ዳር ስለሚገፋ ነው። ወረቀቱን ገልብጡት። ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ የጫናው ምልክት ይታያል።

ከመዳብ የታተመ ደግሞ በስዕሉ ዙሪያ አራት ማዕዘን ስርጉድ አለው። ሰሌዳው ወረቀቱን የረገጠበት ቦታ ነው። መብራቱን ከጎን አድርጋችሁ ብታዩ የመስመሮቹ ቀለም ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ቆሟል። ስርጉዱን ብቻ አትመኑ፤ ተራ ቅጂ ላይም ሆን ተብሎ ይሠራል። ቀለሙ ከፍ ብሎ ካልቆመና ከሥሩ ነጥብ ካለ ግን ነገሩ አለቀ።

እንጨት ወይስ መዳብ?

የእንጨትና የሊኖ አሠራር ቀላል ነው። ነጭ ሆኖ የሚቀረውን ትፈለፍላለህ፤ የተረፈው ቀለም ይቀበላል። ከባድ ማሽን የግድ አይደለም። ወረቀቱን አስቀምጦ ጀርባውን በማንኪያ ማሸት ብቻ ይበቃል። ስለዚህ ወጪው ዝቅተኛ ነው፤ ዋጋውም አብዛኛውን ጊዜ ከሌሎቹ ይቀላል። መስመሩ ደፋር ነው፤ ጥቁርና ነጩ ፊት ለፊት ይጋጠማል።

ለኛ ደግሞ ሥር ያለው ጥበብ ነው። ብራዚል ኖሮ የነበረው ጀርመናዊው የእንጨት ህትመት ሠዓሊ ሀንሰን ባሂያ ከ1963 እስከ 1966 አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምሯል። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950ዎቹ የመሠረቱት ትምህርት ቤት ማለት ነው። ሠዓሊ ዘሪሁን የትምጌታ ከባሂያ ተማሪዎች አንዱ ነው። ከስድሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ጥበብ ነው። ሆኖም ሰዉ ሸራ ካልሆነ አይገዛም። ይህ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

የመዳቡ (ኤቺንግ የሚባለው) የተገላቢጦሽ ነው። መዳቡ አሲድ በማያሳልፍ ሰም ይሸፈናል። ሠዓሊው በመርፌ ሰሙን እየጫረ ይስላል። ሰሌዳው አሲድ ውስጥ ሲገባ የተጫረው ብቻ ይበላል። ከዚያ ቀለም መስመሩ ውስጥ ተሞልቶ ገጹ ይወለወላል፤ እርጥብ ወረቀት ይደረግበትና በከባድ መጭመቂያ ያልፋል። ለአንድ ወረቀት ይህ ሁሉ ይደገማል። ደቃቅ መስመርና ለስላሳ ጥላ የምትወዱ ከሆነ ይህን የሚተካ የለም።

ግን መዳብ ያልቃል። በተለይ ድራይፖይንት በሚባለው ዘዴ ሠዓሊው አሲድ ሳይጠቀም መዳቡን በቀጥታ ይጭራል። ከመስመሩ ዳር የሚነሳው የመዳብ ጠርዝ ቀለም ይይዝና መስመሩን ወፍራምና ለስላሳ ያደርገዋል። መጭመቂያው ያንን ጠርዝ ቶሎ ይደፈጥጠዋል። መጀመሪያ የታተመውና ኋላ የታተመው ሁለት የተለያዩ ስዕሎች ይመስላሉ።

የሆላንዱን ሠዓሊ የሬምብራንትን ነገር ተመልከቱ። "መቶ ጊልደር" በሚባለው በ1648 አካባቢ በተጠናቀቀው ስራው ላይ አሲዱንም ድራይፖይንቱንም ተጠቅሟል። ሠዓሊው ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ዊልያም ቤይሊ የተባለ የጦር መኮንን በህትመት ብዛት ያለቀውን ሰሌዳ ገዛ። መስመሮቹን እንደገና ቆፍሮ አሳተመ፤ በመጨረሻም ሰሌዳውን ቆራርጦ ቁርጥራጩንም አሳተመ። ሁሉም "ሬምብራንት" ተብለው ይሸጣሉ። የስፔኑ ሠዓሊ ጎያም ያው ነው። የጦርነት መከራን የሚያሳየው ተከታታይ ስራው ለመጀመሪያ ጊዜ በመጽሐፍ መልክ የወጣው በ1863 ነው፤ እሱ ከሞተ 35 ዓመት በኋላ። "ካፕሪቾስ" የተባለው ደግሞ በ1799 ወጥቶ እስከ 1937 ድረስ ደጋግሞ ታትሟል። ስለዚህ የትልቅ ሰው ስም ሰምታችሁ ቦርሳችሁን ከመክፈታችሁ በፊት "መቼ ታተመ? ማን አተመው?" በሉ።

ለመጀመሪያ ግዢ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ እንጨቱን ነው የምለው፤ ያውም በሕይወት ካለ ሠዓሊ። ያለቀ የሬምብራንት ሰሌዳ ዘግይቶ የታተመበትን ወረቀት ከመግዛት ጠያቂም መላሽም በሕይወት ያለበትን መግዛት ይሻላል።

ሊቶግራፍ ወይስ ስክሪን?

እዚህ ብዙ አልቆይም። ሊቶግራፍ በ1790ዎቹ መጨረሻ ባቫሪያ ውስጥ አሎይስ ዜነፌልደር የፈለሰፈው ነው። ቅባትና ውሃ አይዋሃዱም በሚለው ላይ የቆመ ነው። ሠዓሊው በቅባታማ ጠመኔ የኖራ ድንጋይ ላይ ይስላል፤ የእጁ ጫና ሁሉ ወረቀቱ ላይ ይደርሳል። የእርሳስ ስዕል የሚወድ ሰው ሊቶግራፍ ይወዳል። ስክሪን ደግሞ (የኮምፒውተሩ ሳይሆን ቀለም በወንፊት ጨርቅ የሚያልፍበት) ቲሸርት የሚታተምበት ዘዴ ነው፤ ቀለሙ ጠፍጣፋና ደማቅ ነው።

የሊቶግራፍ ወጥመዱ "ኦፍሴት ሊቶግራፍ" የሚለው አጠራር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፖስተር ማለት ነው። የስክሪን ወጥመድ ደግሞ መደገሙ ነው። አሜሪካዊው ሠዓሊ አንዲ ዋርሆል በ1967 ያወጣቸው አሥሩ የማሪሊን (የፊልም ተዋናይቷ ማሪሊን ሞንሮ) ህትመቶች እያንዳንዳቸው 250 ነበሩ። ከ1970 ጀምሮ ግን "ሰንደይ ቢ ሞርኒንግ" በሚል ስም የወጡ ተመሳሳዮች ገበያውን ሞልተውታል። ዓይን አይለያቸውም። የሚለየው ጀርባቸው ላይ ያለው ማኅተም ነው።

ሁለቱን ማጣመርም ይቻላል። አዲስ አበባ የተወለደችው ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ በ2004 ሚኒያፖሊስ በሚገኘው ሃይፖይንት ማተሚያ የሠራችው "ኢንትሮፒያ (ሪቪው)" ሊቶግራፍና ስክሪን አንድ ላይ ነው፤ 32 ቀለም አለው። እንዲህ ዓይነቱን ስራ "ህትመት ብቻ ነው" ብሎ ማለፍ ከባድ ነው።

3/50 ወይስ 47/50?

ሰዉ ትንሹን ቁጥር ይሻማል። አያስፈልግም። ብዙ ቀለም ባለው ህትመት ወረቀቶቹ በየቀለሙ እየተነሱ ስለሚደረደሩ ቅደም ተከተሉ ይደበላለቃል። ቁጥሩም የሚጻፈው በመጨረሻ ነው። ለሊኖ፣ ለሊቶግራፍና ለስክሪን 3ኛውና 47ኛው ያው ናቸው። ለድራይፖይንት ግን ቁጥሩን ትታችሁ መስመሩን እዩ።

ከቁጥሩ ይልቅ ድምሩን ጠይቁ። ከሃምሳው ውጪ ለሠዓሊው የተተወ ቅጂ ይኖራል፤ ላቲን ፊደል "ኤ.ፒ." ወይም በፈረንሳይኛው "ኢ.ኤ." ተብሎ ይጻፍበታል። አብዛኛውን ጊዜ ከእትሙ አንድ አሥረኛ አይበልጥም። ለሽያጭ ያልታሰበ "ኤች.ሲ." የሚባልም አለ። በሮማን ቁጥር (I፣ II፣ III) የተቆጠረ ሌላ እትም ሊኖር ይችላል። ሁሉም ሲደመር ሃምሳ የተባለው መቶ ሊሆን ይችላል።

ፊርማስ? በ1974 የፈረንሳይ ጉምሩክ ወደ አንዶራ ሲጓዝ ያስቆመው መኪና ምንም ያልታተመባቸው 40,000 ወረቀቶች ይዞ ተገኘ። ሁሉም ላይ የስፔኑ ሠዓሊ የሳልቫዶር ዳሊ ፊርማ ነበር። ፊርማው እውነተኛ ቢሆንም በላዩ የሚታተመው ምን እንደሆነ ሠዓሊው አያውቅም። ፊርማ ሠዓሊው ሰሌዳውን መንካቱን አያረጋግጥም።

ስትከፍሉ ደረሰኙ ላይ የአሠራሩ ዓይነት፣ የታተመበት ዓመት፣ አታሚው፣ የእትሙ ድምርና ተጨማሪ ቅጂዎቹ ይጻፉ። "ህትመት" ብቻ ተብሎ የተጻፈ ደረሰኝ አትቀበሉ። ፍሬም ቤት ስትወስዱት ደግሞ አጠገቡ ቁሙ። ባለሙያው "ለማሳመር" ነጩን ዳር ሊቆርጠው ወይም ወረቀቱን ኤምዲኤፍ ላይ በኮላ ሊለጥፈው ይችላል። ሁለቱም አይመለሱም፤ ዋጋውንም ይጥሉታል። በወረቀቱና በመስታወቱ መካከል አሲድ የሌለው የካርቶን ክፈፍ ይግባ፤ መስታወት የነካ ወረቀት በክረምት እርጥበት ይጣበቃል። የምትሰቅሉበትን ግድግዳ ስትመርጡም የከሰዓት ፀሐይ የማያርፍበትን ፈልጉ።