ፋይዳ በሰሜን ሸዋ ገጠር፦ ጣጣው አሻራው ሳይሆን ስልኩ ነው

የፋይዳ፣ ማለትም የብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ፣ ምዝገባ ራሱ አያስቸግርም። ነፃ ነው። የቀበሌ መታወቂያ ይበቃል፤ ሰነድ የሌለው ደግሞ ቀድሞ የተመዘገበ ምስክር ይዞ ይቀርባል። ስም፣ ፆታ፣ የልደት ቀንና አድራሻ ከተሞላ በኋላ የ10 ጣት አሻራ፣ የሁለቱ ዓይን አይሪስ (በብሌኑ ዙሪያ ያለው ባለ ቀለም ክፍል) ምስልና የፊት ፎቶ ይወሰዳል።

መሣሪያው ኔትወርክ በሌለበትም መመዝገብ መቻሉ ለመንዝና ለመርሐቤቴ ቀበሌዎች ትልቅ ነገር ነው፤ መረጃውን ይዞ ይቆይና ኔትወርክ ሲያገኝ ይልካል። ባለ 12 አሃዙ የፋይዳ ቁጥር የሚመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ዘገየ ተብሎ ሌላ ጣቢያ ሄዶ እንደገና መመዝገብ ትርፉ ድካም ነው፤ ሲስተሙ ያው ሰው መሆኑን ለይቶ ይጥለዋል።

ማጭድ የያዘና ድንጋይ የካበ እጅ አሻራው ይፋቃል፤ የመንዝ ብርድ ሲጨመርበት ቆዳው ደርቆ የአሻራ ማንሻው መስታወት አያነበውም። ለብ ባለ ውሃ ታጥቦ፣ ደረቅ ሳይሆን ወዛም አድርጎ መሞከር ነው። እንቢ ካለም ሰው አይመለስም፤ አሻራው እንዳልተያዘ ተመዝግቦ በአይሪስ ይቀጥላል።

የልደት ዘመኑ በማን አቆጣጠር እንደተጻፈ ስክሪኑ ላይ ይታይ። በእኛ 1970 የተወለደ ሰው በፈረንጅ 1970 ተብሎ ከገባ በአንድ ጀምበር ሰባት ስምንት ዓመት ያረጃል። በላቲን ፊደል የተጻፈው ስምም ከባንክ ደብተሩ ጋር ይመሳከር።

ዋናው ጣጣ ስልክ ነው። አባት ስልክ ስለሌላቸው ደብረ ብርሃን ያለ ልጃቸውን ቁጥር ያስመዘግባሉ። ምዝገባው ያልፋል። በኋላ ግን የባንክ ሂሳብ ከፋይዳ ጋር ሲያያዝ ባለ 6 አሃዝ ማረጋገጫ ኮድ የሚላከው ወደዚያው ቁጥር ነው፤ ጊዜውም ቶሎ ያልፋል። አባት መንዝ ውስጥ ሞላሌ ከተማ ባንክ መስኮት ላይ ቆመዋል፣ ልጅ ሥራ ላይ ሆኖ ስልኩን አጥፍቷል፤ ኮዱ ይቃጠላል። ሲሙ ከጠፋ ደግሞ በእሳቸው ስም ስላልሆነ ማስወጣት አይችሉም። ስለዚህ ከምዝገባው በፊት በራስ ስም ሲም ማውጣት ይቅደም፤ መልእክት ለመቀበል ባለ ቁልፍ ስልክም ይበቃል። ኮዱን ደውሎ ለሚጠይቅ ሰው አይነግሩም።

ለምዝገባው ከ5 ነጥብ 4 ይገባዋል፤ ከዚያ በኋላ ላለው 2። የስልክ ቁጥር ለማስተካከል ሌላ ጉዞ አለና፣ ከወንበሩ ከመነሳት በፊት የተመዘገበውን ስልክ አንድ በአንድ ማስነበብ ነው።