ዋልካና አስፋልት በአንድ ጎማ፦ ከአሥር ወር በኋላ

ባለፈው ግንቦት ለሃይሉክሴ ጎማ ልገዛ ስሄድ ሻጩ መጀመሪያ ያወጣልኝ ያገለገለ የአውሮፓ ጎማ ነበር። ጥርሱ ያልተነካ፣ ዋጋውም ረከስ ያለ። ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ፣ ውስጡ የበረዶ ቅንጣት ታትሞበታል። «ለበረዶ የሆነ ለጭቃ ምን ያንሰዋል?» አለኝ። ተውኩት፤ ደግ አደረግሁ። የበረዶ ጎማ ላስቲኩ ከ7 ዲግሪ በታች እንዳይደርቅ ተብሎ ለስላሳ ሆኖ የተሠራ ነው። ጮቄ ሥር በውርጭ ሌሊት ይመቸው ይሆናል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ጭነት ይዤ ስወርድ ግን በዚያ ሙቀት ቶሎ ያልቃል፣ ፍሬን ሲያዝም ርቆ ነው የሚቆመው።

የወሰድኩት አምስት አዲስ ኦል ቴሬን፣ ማለትም ለአስፋልትም ለጭቃም የሚሆን ጎማ ነው፤ 265/65 አር 17፣ መኪናው ከፋብሪካ የወጣበት ልክ። ጎኑ ላይ «ኤም ፕላስ ኤስ» ይላል፤ ጭቃና በረዶ ማለት ነው፤ ግን የጥርሱን ቅርጽ እንጂ እንደ ተራራው ምልክት በበረዶ ላይ መፈተኑን አያሳይም። የአጎቴ ልጅ ከዚህ ከፍ ያለውን 265/70 ገጠመ፤ ከፍታው አምሮለታል፣ ቆጣሪው 100 ሲል ግን እሱ 103 ገደማ እየነዳ ነው። ስትገዙ ጎኑ ላይ ያለችውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር እዩ፤ 2324 ካለ በ2024 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው።

ሐምሌ ላይ ከየትመን ወጣ ብሎ ጤፍ ልጭን ገባሁ። ዋልካው ጥርሱን ሞልቶ ጎማው እንደ ዱባ ልሙጥ ሆነ፤ ፎር ዊል ባስገባም ባለበት ይሽከረከራል። ባለ ጤፉ ሽማግሌ «ልጄ፣ ዛሬ በሬም አይወጣው» አሉኝ። «አያ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» ብዬ የጎማዎቹን ንፋስ ከ35 ወደ 20 ፒ.ኤስ.አይ. አወረድኩት። ጎማው ተዘርግቶ መሬቱን ያዘ፤ በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳልረግጥ ቀስ ብሎ ወጣ። እንደ እኔ ከጥርሱ ይልቅ ያወጣኝ ንፋሱ ነው። ስለዚህ ትንሽ ፓምፕ ከመኪናው አይጥፋ። አስፋልት ላይ በጎደለ ንፋስ መብረር ጎማውን አግሎ ያፈነዳዋል።

ቸርኬውን ብረት ማድረጌን ብዙዎች አልወደዱልኝም። ኅዳር ላይ ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ ከንፈሩ ተጣመመ፤ ብቸና ያለ ጎሚስታ በመዶሻ ቀጥቅጦ በግማሽ ሰዓት መለሰልኝ። አልሙኒየም ቢሆን ሊሰነጠቅ ይችል ነበር፣ የሚበየድበትም ቅርብ የለም።

ያስቸገረኝ ሌላ ነው። ከጭቃ በወጣሁ ማግስት 80 ላይ መሪው ይንቀጠቀጣል። ባላንስ ሁለት ጊዜ አሠርቼ ከከፈልኩ በኋላ ነው ቸርኬው ውስጥ የደረቀ ዋልካ ተለጥፎ ያየሁት። አሁን በዱላ ፍቄ በውሃ አጥበዋለሁ፣ ይተወኛል። ጎማው አስፋልት ላይ ያጉረመርማል፤ ነዳጅም በመቶ ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ያህል ጨምሮብኛል።

22 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄጃለሁ። የኋላዎቹ ጥርስ 7 ሚሊ ሜትር ቀርቶታል። የፊቶቹ በጠርዝ በኩል ተበልተዋል፤ በየ10 ሺህ ኪሎ ሜትሩ የፊቱን ከኋላው ጋር ማዘዋወር ሲገባኝ አሳለፍኩት። ሰኔ ሳይገባ ስኮርታውን፣ ትርፍ ጎማውን፣ ጨምሬ አዘዋውራቸዋለሁ።